አያትሽ ነኝ፣ ክፈቺ

የምሸጠው የዶሮ እግር ነው። መጀመሪያ ይኼ ይታወቅልኝ፤ የሕፃን ጣት አይደለም። ጥፍሩን ቆርጬ፣ ቀቅዬ፣ በጨው ውኃና በኮምጣጤ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ወንዶቹ ከቢራ ጋር ይቆረጥሙታል፤ ሴቶቹ ቴሌቪዥን እያዩ። የአሮጌው ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መኖሪያ ግቢ በር ላይ ተቀምጬ ስሸጥ ፀጉሬ ነጣ። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሰዉ ግን የትም አልሄደም፤ የዶሮ እግር መብላቱንም አልተወም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከእኔው ገዝተው በእኔው ልጆቻቸውን ያስፈራራሉ። ፊቴ ቆመው፣ መልሳቸውን ከእጄ እየተቀበሉ፣ «ሩዝህን ካልጨረስክ ለእማማ ፑ ነው የምሰጥህ! እነዚያን ጣቶች አየሃቸው? አልበላም ያሉ ልጆች ናቸው» ይላሉ። ልጁ ጠርሙሱን ያያል። ነጫጭ፣ ትንንሽ፣ እጥፍጥፍ ያሉ እጆች። ምን ይፍረድ? አንድ ጊዜ ደሜ ፈልቶ፣ «የዶሮ እግር አራት ጣት ነው ያለው፣ ቁጠር ልጄ፣ አራት ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባትየው ጥጋበኛ ነው፤ «አምስተኛውን በልታው ነው» ብሎ ልጁን እየጎተተ ሄደ። ግቢው ሁሉ ሲስቅ ሰነበተ።

እኔንም እናቴ በፖሊስ፣ በቆራሌው፣ መርፌ በሚወጋው ሐኪም እያስፈራራች ነው ያሳደገችኝ። እዚህ አገር ልጅ ዝም የሚለው፣ የሚበላው፣ የሚተኛው በፍርሃት ነው፤ ማንም እንደ ክፋት አያየውም። የሰው ልጅ ቢፈራኝ ይፍራኝ ብዬ ነበር። ኩዋንግ ግን በገዛ የልጅ ልጄ ላይ አደረገችው፤ ይኼን አፈር እስክገባ አልረሳላትም።

ኩዋንግ የልጄ አማት ናት። የፋብሪካው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰውን ሁሉ እንደ ሕፃን ነው የምታናግረው። ቤቷ ከእኔ ጠርሙሶች ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ሦስተኛው ላይ ነው። ልጇ ሊጁን የእኔን ዩንሻንን ላግባ ስትል፣ «ለዶሮ እግር ሻጭ ልጅ!» ብላ አልጋ ላይ ወደቀች። አላስቆመችውም፤ ተጋቡ፣ ሌይሌይን ወለዱ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ከተማ ሄዱ። አሁን እዚያ የስልክ ክፍል ይገጣጥማሉ፤ በዓመት አንዴ፣ ለአዲስ ዓመት፣ በባቡር ቆመው ይመጣሉ።

ልጅቷ ኩዋንግ ዘንድ ቀረች። የእሷ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ የእኔ ከመሸጫው ጀርባ ያለ አንድ ክፍል፣ እሱም ኮምጣጤ የሚሸት። እሺ አልኩ። እሑድ እሑድ ግን የእኔ ቀን ነው ተባባልን። ቁልፍ ይሰጠኝ ብዬ በልጄ በኩል ብጠይቅ ኩዋንግ፣ «ቤቴ የገበያ መተላለፊያ ነው እንዴ?» አለች። እሱንም ዋጥኩት።

መጀመሪያ እሑዶቹ ደስ ይሉ ነበር። ሌይሌይ ጭኔ ላይ ተቀምጣ የአገዳ ቁራጭ ትመጥጣለች፣ ደንበኞቼን «ስንት ልስጥህ?» ትላለች። አራት ዓመቷ ነበር። አምስት ሲሞላት ነገሩ ተለወጠ። በልግ ላይ ሹራብ ሠርቼላት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ልጅቷ ገና ስታየኝ ጮኻ ኩዋንግ እግር ሥር ገባች፤ ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደበቀቻቸው።

«ሌይሌይ፣ ምን ሆንሽ የኔ እናት? እኔ እኮ ነኝ።»

«አትንኪኝ! በልቻለሁ! ዛሬ ሁሉንም በልቻለሁ!»

እጅ መደበቋን ሳይ ገባኝ። ኩዋንግን ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«ምን ብለሻት ነው?»

«አልበላም አለቻ! ምን ላድርግ፣ ልደብድባት?»

«ምን ብለሻት ነው አልኩሽ።»

«ተረት ነው የነገርኳት። አያት መስላ በር ስለምታንኳኳዋ ድብ። ‹አያትሽ ነኝ፣ ክፈቺ› ትላለች፤ ከተከፈተላት ገብታ የልጆቹን ጣት እንደ ቆሎ ትቆረጥማለች። አንቺም እኔም የሰማነው ነው፤ ሞትን እንዴ?»

«ድቧ እኔ ነኝ?»

«ልጅ እኮ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል» አለች በዚያች የአስተማሪ ድምጿ። «የትኛዋ ድብ ስትለኝ በመስኮት አሳየኋት። በቃ፤ ሩዟን ግጥም አድርጋ ጨረሰች። ክብደት ጨምራለች፣ አላየሻትም?»

«ጣት የሚቆረጥም አውሬ ፈልገሽ አጣሽና የአባቷን እናት ሰጠሻት!»

«ስታድግ ትተወዋለች። አሁን ድምፅሽን ቀንሺ፣ የባሰ እያስፈራራሻት ነው።»

«ዓይንሽ ላፈር ኩዋንግ!»

«አየሽ ሌይሌይ፣ ጥርሷን አየሽው?» አለች ጎንበስ ብላ ለልጅቷ፤ ሳቋን እየዋጠች። ሹራቡን ፊቷ ላይ ወርውሬባት ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ እሑድ የሚባል ቀን ቀረ። ልጅቷ በጠርሙሶቼ በኩል ስታልፍ ፊቷን ኩዋንግ ቀሚስ ውስጥ ቀብራ ነው። ዩንሻን በስልክ፣ «እማዬ፣ የሊጁን እናት ቀልዷን ነው፣ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» አለኝ። የወለድኩት ልጅ እንዲህ አለኝ፤ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ነገር ቀልድ ነው።

ጉዱ የመጣው በክረምቱ ብርድ፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ሰዉ ሥራ ላይ ነበር። ምድር ቤት የሚኖረው ጋሼ ታን፣ የፋብሪካው የድሮ ዘበኛ፣ ከደረጃው ብቅ ብሎ፣ «ፑ፣ ጋዝ አይሸትሽም?» አለኝ። በኮምጣጤ የደነዘዘ አፍንጫዬ እንኳ ሸተተው። ቀና ስል የኩዋንግ ወጥ ቤት መስኮት ላቡ ወርዶበታል። ያን ሰዓት ዘወትር አትክልት ልትገዛ ትወርድ ነበር፤ አልወረደችም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

የእንጨቱ በር ገርበብ ብሏል። የውጪው፣ የብረት ፍርግርጉ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። በፍርግርጉ አሻግሬ ሳይ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የኩዋንግ ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል። አንዱ ሸበጥ ወልቋል። ምድጃው ላይ ያለው የአጥንት ሾርባ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ቡታጋዙ ግን እንደተከፈተ ነው፤ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሌይሌይ መሀል ላይ ቆማለች፤ ያንን ሹራቤን ለብሳ።

«ሌይሌይ፣ ክፈቺ!»

አልተንቀሳቀሰችም።

እጄን በፍርግርጉ አስገባሁ፤ መቀርቀሪያው ዙሪያውን በላሜራ ተሸፍኗል። ሌባ እጁን እንዳያስገባ ኩዋንግ ራሷ ናት ያስበየደችው። ጋሼ ታን መዶሻ ላምጣ ብሎ ከተንደረደረ በኋላ ደረጃው ላይ ቆመና ራሱን ያዘ። «ፑ፣ ብረት በብረት ብንመታ ይፈነጥራል። ሁላችንም እንነዳለን።»

«መስኮቱስ?»

«ፍርግርግ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሄጄ ለእሳት አደጋ ልደውል።» ብሎ ወረደ። እሳት አደጋ የሚመጣው ከወንዙ ማዶ ነው። እስኪደርሱ ሁለቱም ያልቃሉ።

ተንበረከክሁ። ድምፄን አለሰለስኩ። ያለኝን ማር ሁሉ ምላሴ ላይ አደረግሁት።

«ሌይሌይ፣ የኔ ቆንጆ፣ አያትሽ ነኝ። ክፈቺልኝ።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ሄደች። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት ነገር የታወቀኝ። ድቧ የምትለውን ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለች።

«ምን?»

«አያቴ ብላኛለች፤ በር ላይ የመጣ ሰው እጁን ያሳይ ብላኛለች።»

አሳየኋት። በጨው ውኃ የተላጠ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ቃሪያ ያቃጠለው፣ ጥፍሩ የነጣ እጅ። በፍርግርጉ ዘርግቼ አሳየኋት። እሷም ቀረብ ብላ አየችው፤ አሸተተችው።

«የድብ ነው» አለች።

«ሌይሌይ፣ ጋዝ ነው፤ ትሞቻለሽ! አያትሽም ትሞታለች! ያቺን ብረት ወደ ጎን ግፊያት፣ ታውቂያታለሽ!»

«ጣፋጭ እሰጥሻለሁ ልትዪ ነው?»

«አልሰጥሽም! ምንም አልሰጥሽም፣ ክፈቺ ብቻ!»

«እየጮህሽ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ወደ ውስጥ፣ ወደ ኩዋንግ፣ ወደ ጋዙ መሄድ ጀመረች። አያቷ ብብት ሥር ልትገባ። ሳል ያዛት። አሁን ብትሄድ አትመለስም።

ኩዋንግ ልጅቷን በደንብ ነበር ያስተማረቻት። የሚያስለቅስ ነገር ነው፤ ግን ያን ሰዓት ያለቀስኩት በንዴት ነው። በመውደድ የሚከፈት በር አልነበረም። ልጅቷ የምታውቀው ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱንም ያበጀችው ኩዋንግ ናት።

«ሌይሌይ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ቁሚ። እዚያ አትሂጂ። ያቺ የተኛችው ማናት?»

«አያቴ።»

«አያትሽ በቀን ወለል ላይ ተኝታ ታውቃለች?»

ቆመች። «አታውቅም።»

«ስትጠሪያት መለሰችልሽ?»

«እምም ብቻ ነው የምትለው።»

«የአያትሽ ድምፅ እምም ነው?»

ዞር ብላ የኩዋንግን እግሮች አየች።

«ሽታው ይሸትሻል አይደል? የአያትሽ ሽታ ነው?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«እሱ የድብ ትንፋሽ ነው። ድቧ ገብታለች ሌይሌይ። የአያትሽን ልብስ ለብሳ ነው የተኛችው። አሁን እንቅልፍ ላይ ናት፤ ስትነቃ ርቧት ነው የምትነቃው። አፏ ተጣሟል፣ አላየሽውም? የሰው ፊት ልክ አልሆን ብሏት ነው።»

ይኼን ያልኩት በግምት ነው፤ ፊቷ አይታየኝም ነበር። ልጅቷ ግን አይታዋለች። ዓይኗ ሲፈጥ አየሁ። በዚያው ቅጽበት ኩዋንግ ከወለሉ አቃሰተች፤ አንድ እጇ መሬቱን ቧጠጠ። ምናልባት ሰምታኝ ይሆናል። ሌይሌይ ጮኻ መጣች፤ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ገፋችው፤ በሩ ተከፈተና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ደውሎ ለተመለሰው ለጋሼ ታን አቀበልኳት። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ፣ ቡታጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩ፣ ኩዋንግን በብብቷ እየጎተትኩ ደረጃው ላይ አወጣኋት። ከባድ ሴት ናት። ግማሽ ፊቷ ወርዷል፤ በቀረው ዓይኗ አፍጥጣ ታየኛለች። በልቤ ግን ምን እንደነበረ ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴትየዋ ደረጃ ላይ ተዘርራ እያጣጣረች፣ እኔ የማስበው አንገቴ ላይ ስለነበሩት ትንንሽ ክንዶች ነው።

ሐኪሞቹ የጭንቅላቷ ደም ሥር ተዘግቶ ነው የወደቀችው አሉ። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ጋዙ ይጨርሳት ነበር አሉ። ሌይሌይ ከእኔ ጋር፣ ኮምጣጤ በሚሸተው ክፍሌ ተቀመጠች። ቀን ጠርሙሶቼ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቃሪያ ትለቅማለች። የግቢው ልጆች በሩቅ ቆመው ያዩዋታል፤ እሷ የድፍረቷ ብዛት፣ «የዶሮ ነው፣ ሞኞች!» ትላቸዋለች። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ማታ ማታ ግን እየባነነች ፊቴን በጣቶቿ ትዳስሳለች። አፌን፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን። «አንቺ ነሽ?» ትላለች። «እኔ ነኝ» እላለሁ። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትዳስሰኛለች። ትታው የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ተመለሰ። ስለ ኩዋንግ ስጠይቃት፣ «ድብ በላቻት» ትላለች፤ እንዳለቀ ነገር።

ዩንሻንና ሊጁን ፈቃድ ለምነው መጡ። ኩዋንግ ተሽሏታል፤ ግራ እጇ አይታዘዝላትም፣ አፏም በአንድ በኩል ተጎትቷል፣ ምላሷ ግን ደኅና ነው። ገንፎው ቀዘቀዘ ብላ ነርሷን ስትሞልጫት ከኮሪደሩ ሰምቻለሁ። ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ ልጄ፣ «እማዬ፣ አማቴ ስትወጣ ልጅቷን መልሱልኝ ትላለች። ቤቴ ሰው ቅጠሩልኝ ትላለች» አለኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔና ሊጁን ተነጋግረናል። ልጅቷ የፈለገችው ዘንድ ትኑር። አልፈልግም ካለች አናስገድዳትም።»

ሊጁን አንገቷን ደፋች። እናቷን ልጅቷ እንደማትቀርባት አውቃለች፤ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ወስደዋት በር ላይ ስትጮኽ ነርሶቹ ተሰብስበው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ ነው። እኔ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ዘግቼ ልቁም፤ ልጅቷ የእኔ ናት።

ሌይሌይ እጄን ጨምቃ ይዛ ገባች። ኩዋንግ ትራስ ላይ ተደግፋለች። ልጅቷን ስታይ ያ ግማሽ ፊቷ ሊስቅ ሞከረ፤ ሲስቅ ደግሞ የባሰ ተጣመመ። ሌይሌይ ወደ ኋላ ተሸሸገችና ከኋላዬ፣ «አያቴ፣ እሷ ናት? ስትነቃ ርቧታል?» አለችኝ በሹክሹክታ። ላብ በላብ ሆናለች። እጄን ስትጨምቀኝ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

ለኩዋንግ ብዬ አይደለም። ለኩዋንግ ብሆን ኖሮ አሁንም ዝም እል ነበር። ግን ያን ፍርሃት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልኳን የሰው ፊት እየዳሰሰች ‹አንቺ ነሽ?› ስትል ልታድግ ነው። ቁጭ ብዬ በዓይኗ ልክ ሆንኩ።

«ሌይሌይ፣ ስሚኝ። አያትሽ ናት። እውነተኛዋ። ታማ ነው አፏ የተጣመመው፤ ይድናል።»

«ድቧስ?»

«ድብ የለችም። ዱሮም አልነበረችም። በሩን እንድትከፍቺልኝ ብዬ ነው ያልኩሽ።»

«ዋሸሽኝ?»

«አዎ። ዋሸሁሽ።»

አሰበች። ስታስብ ቅንድቧን እንደ አባቷ ታቆራኛለች። ከዚያ እጄን ለቀቀችው። በኃይል አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት ነው ያላቀቀችው።

«አያቴ ነግራኝ ነበር» አለች። «ድቧ በር ላይ መጥታ ትዋሻለች፣ ውሸቷን ሰምተሽ እንዳትከፍቺ ብላኝ ነበር። ከፈትኩልሽ።»

«ሌይሌይ፣ እሱም ተረት ነው! እኔ…»

«አትምጪ!»

ሮጣ አልጋው ላይ ወጣች። ኩዋንግ ጎን ተለጠፈችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ልጄ ወለሉን ያያል። ሊጁን አፏን በእጇ ይዛለች። እኔ ኩዋንግን አየኋት፤ ይኼን ክር ልትበጥሰው የምትችል በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። ተረቱ የእሷ ነው። ልጅቷ የምታምነውም እሷን ነው።

«ኩዋንግ» አልኳት። «ንገሪያት። አንድ ቃል ብቻ። ከሞት ነው ያወጣሁሽ።»

ኩዋንግ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። በደኅናው እጇ የልጅቷን ራስ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ሁሉ ነገር ገብቷታል፤ ዓይኗ ላይ አየሁት።

«ልጅቷ ደክሟታል» አለች በዚያች ግማሽ አፏ፣ አንድ ፊደል ሳይሰበርባት፣ «በሉ ውጡና ትተኛበት።»